ጉበት ያለ ኮንትራስት ሲነሳ
ከከሚሴ፣ ከባቲ ወይም ከሰንበቴ «ጉበት ላይ ዕጢ ታይቷል» የሚል የአልትራሳውንድ ውጤት ይዞ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ካለፈ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ ሕመምተኛ ጥያቄው አንድ ነው፤ ዕጢው ምንድን ነው? ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ምንም የማይጎዳ የደም ሥሮች እብጠትም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የሚታዘዝ ኤምአርአይ በደም ሥር ከሚሰጠው ምስል አጉሊ መድኃኒት (ኮንትራስት) ተነጥሎ መታሰብ የለበትም ባይ ነኝ። ወጪ ለመቀነስ ሲባል መድኃኒቱ ከተተወ ሕመምተኛው ከፍሎም ከጥርጣሬው ላይወጣ ይችላል።

ምክንያቱ የደሙ መንገድ ነው። ጤነኛ ጉበት ሦስት አራተኛ ያህል ደሙን የሚያገኘው ከአንጀት ከሚመጣው ደም መልስ ሲሆን፣ የጉበት ካንሰር ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከደም ቅዳ ነው። ጋዶሊኒየም ያለበት ኮንትራስት ተሰጥቶ ምስሉ በየተወሰነ ጊዜ ደጋግሞ ሲነሳ፣ ካንሰሩ ቀድሞ ይደምቃል፣ ቆይቶ ደግሞ ከዙሪያው ጉበት ይበልጥ ይደበዝዛል። የደም ሥሮቹ እብጠት ግን ከጠርዙ ጀምሮ ወደ መሐል ቀስ እያለ ይሞላል። ጉበቱ በጠባሳ በደነደነ ወይም ሄፓታይተስ ቢ ሥር በሰደደበት ሰው ላይ የካንሰሩ ምልክት ጥርት ብሎ ከታየ፣ በመርፌ ናሙና መውሰድ ሳያስፈልግ ሐኪሙ መወሰን ይችላል። የፓቶሎጂ ባለሙያ እንደልብ በማይገኝበት አካባቢ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

«ገንዘቡ ለክትባት ይዋል» የሚሉ አሉ። ክትባቱ መቅደሙ ትክክል ነው፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በ1999 ዓ.ም. ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት ገብቷል። ከዚያ በፊት ተወልደው ቫይረሱን የተሸከሙትን ግን ክትባት አይፈውሳቸውም፤ ካንሰሩ የሚያሰጋቸውም እነሱን ነው። ኮንትራስቱ ኩላሊታቸው የታመመ ሰዎችን ይጎዳል የሚለው ሌላው ስጋትም መሠረት አለው። አንዳንድ የቀድሞ የጋዶሊኒየም ዓይነቶች ኩላሊታቸው ክፉኛ በተዳከመ ሰዎች ላይ ቆዳን የሚያደነድን በሽታ አምጥተዋል። ይህ ግን መድኃኒቱን ለማስቀረት ሳይሆን ዓይነቱን ለመምረጥና ኩላሊቱን አስቀድሞ ለመመርመር የሚያስገድድ ነው። ኤምአርአዩ ከአቅም በላይ ከሆነም በኮንትራስት የሚነሳ ሲቲ ስካን ጥሩ አማራጭ ነው። «ካንሰር ቢሆንስ ምን ይደረጋል?» ለሚለው፣ ትንሽ ሳለ የተገኘ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ ካንሰር አለመሆኑ የታወቀለት ሰውም በሬውን ሳይሸጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ስለዚህ የከሚሴ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ሲጽፍ «በኮንትራስት» ብሎ በግልጽ ይዘዝ፤ የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን የክሬቲኒን ምርመራም እዚያው ሠርቶ ውጤቱን ያያይዝ። ኤምአርአይ የሚገዙ ሆስፒታሎችም የኮንትራስቱን ዓመታዊ በጀት ከማሽኑ ግዢ ጋር አብረው ይያዙ።