ጧሪ የሌለው ቀባሪ

ባልባላ ላላችሁ፣ በጋላፊና በደወሌ ለምትመላለሱ ወገኖቻችን፣ ዛሬ ስለ ምንዛሪና ስለ ጉምሩክ አንጽፍም።

በቅርቡ አንዲት እናታችን አርፈዋል። ብዙዎቻችሁ እንጀራቸውን በልታችኋል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ የአገራችን ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ያን ጊዜ ሥራውን ተከትለው ከድሬዳዋ ከወረዱት ሴቶች አንዷ እሳቸው ነበሩ። ምጣዳቸውን ይዘው መጡ፤ ፒኬ 12 አካባቢ ለሾፌርና ለረዳት ሲያበስሉ ከሃያ ዓመት በላይ ቆዩ። በኋላ ጉልበት ከዳቸው፣ ዓይናቸውም ደከመ። ምጣዱን ሸጡት።

ሲሞቱ እኛን ማየት ነበር! ድንኳን ተተከለ፣ ለለቅሶ ደራሹ ምግብና ቡና ቀረበ፣ የታሸገ ውሃ በካርቶን ተደረደረ። በሁለት ቀን የተዋጣው ገንዘብ የአንድ ዓመት የቤት ኪራያቸውን ይችል ነበር። ይህን ሒሳብ የሠራነው ግን ከቀብር መልስ ነው። ባለሱቁ ጎረቤታቸው የዱቤ መዝገቡን ይዞ መጣ፦ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ አልፎ አልፎ ዘይት። የሁለት ወር ኪራይም ነበረባቸው። በሐምሌ፣ ሃምሲኑ አቧራውን እያነሳ በሚነድበት ወር፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማራገቢያቸው ተበላሽቶ ነበር የሚኖሩት። ከእኛ መካከል ማራገቢያ የሚያስመጡ አሉ።

እኚህ እናት በልተን ስንነሳ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ብለው ይመርቁን ነበር። እኛም አሜን እያልን ሒሳብ ከፍለን እንሄዳለን። ምርቃቱ ላይ ጧሪ ይቀድማል፣ ቀባሪ ይከተላል። የእኛ እድር ግን የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

«ልጆቻቸው የት ሄዱ?» የሚል አይጠፋም። አንዳንዶቹ ልጅ የላቸውም። የአንዳንዶቹ ልጆች በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግረው ድምፃቸው ጠፍቷል። ደግሞ ልጅ ያለውም ቢሆን ልጁ እንደኛው በቀን ገቢ የሚያድር ነው። ጡረታ እንዳንል፣ በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። እሱም በመሠረቱ ለደሞዝተኛ የተሠራ ነው። ድንበር ተሻግሮ እንጀራ የጋገረችን ሴትና ጆንያ የተሸከመን ሰው ማን ደሞዝተኛ ብሎ መዘገባቸው?

ሌላው የምንሰማው ነገር «አንዱን ከረዳን ሁሉም ይመጣል» ነው። በእኛ ልምድ የሚቸግረው ተቃራኒው ነው፤ አይመጡም። ሠርተው የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። በር ላይ ቆመን ሳንቲም ብንዘረጋላቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ» ብለው ይመልሱናል። እናታችንም እንዲሁ ነበሩ። ስለዚህ አሰጣጡም ማወቅ ይፈልጋል። ኪራዩን ለባለቤቱ፣ ዱቤውን ለባለሱቁ በዝምታ መክፈል ይሻላል። ሰው ፊት ፎቶ እያነሱ መስጠትማ፣ ይቅርብን።

አዲስ ነገር እየፈጠርን አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በኤችአይቪ ምክንያት ቀብር በበዛበት ዘመን አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመውንና ወላጅ የሞተበትን ሕፃን መደገፍ ጀምረዋል። ሜቄዶንያም ቢሆን ዛሬ የምናውቀው ትልቅ ማዕከል የሆነው፣ ጥቂት ሰዎችን ከጎዳና አንስቶ በማስጠጋት ጀምሮ ነው። እኛ ማዕከል እንገንባ አላልንም። ስድሳ ሰው በወር 500 ፍራንክ ቢያዋጣ 30,000 ፍራንክ ይሆናል፤ ወደ 170 ዶላር ይጠጋል። የሁሉንም ችግር አይፈታም። ግን የጥቂት ሰዎችን ዱቄትና ውሃ ይሸፍናል። 500 ፍራንክ ለአንዳንዶቻችን ከሰዓት በኋላ ለምርቃና ከምናወጣው ያነሰ ነው፤ አትቆጡን።

አገር ቤት ገብተው መሞት የሚፈልጉም አሉ። ለእነሱ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ወረቀቱ ነው። መታወቂያቸው ከጠፋ ዘመን የለውም። ፈረንሳይኛ የሚያነብ፣ ኤምባሲ አብሯቸው ሄዶ ወረፋ የሚይዝ ወጣት ያስፈልጋል። ይህን ገንዘብ የሌለውም ሊያደርገው ይችላል። አስከሬን መላክ ስንት እንደሚፈጅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰውን በሕይወት ማሳፈር ርካሽ ነው።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን፦ ከወርሃዊ መዋጮው ግማሹ ለቀብር ይቀመጥ፣ ግማሹ አቅም ላነሳቸው አባላትና አባል ላልሆኑ አረጋውያን ይዋል። አባል ያልሆኑት የሚለው እንደሚያከራክር እናውቃለን። ወርሃዊ መክፈል አቅቷቸው ከመዝገብ የወጡ ሽማግሌዎች ስላሉ ነው ያስገባነው።

ከእነሱ አንዱ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ የነበሩ አባት ናቸው። ከዚያው ባለሱቅ ዘንድ ነው ዱቤ የሚወስዱት። መዝገቡን ስናገላብጥ አየነው፤ ገጻቸው ሞልቶ ወደሚቀጥለው ዞሯል።