የአገር ልጅ ሹመትና የሹመት ሒሳብ

በወላይታ፣ በዳሞት ሶሬ ወረዳ መቀመጫ በጉኑኖም ሆነ በሌላው የአገራችን ወረዳ፣ ሹም በተለወጠ ቁጥር ከሕዝቡ አፍ የሚሰማው የመጀመሪያው ቃል «የማን ልጅ ነው?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ «የእኛው ነው» ከሆነ የሹመት ነገር ሁሉ እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። በ1887 ዓ.ም. የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ድል ከተመቱ በኋላ ወላይታን ለረጅም ዘመን ከሩቅ የተላከ ሹም ስላስተዳደረው፣ ሕዝቡ የገዛ ልጁን በመንበር ላይ ለማየት መናፈቁ ፍትሐዊ ነው፤ ይህ ናፍቆት ግን የሹመትን ሕግ ሁሉ ተክቶ ሲቆም እቃወመዋለሁ።

የጥንት ቻይናውያን የዘመድን ልመና ስለ ፈሩ፣ ከሀን ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ አገረ ገዥ በተወለደበት አውራጃ እንዳይሾም ከለከሉ፤ በኋላም ሹመትን በፈተና ባደረጉ ጊዜ፣ በዘመነ ሶንግ ፈታኙ የተፈታኙን የእጅ ጽሕፈት እንዳይለይ መልሱን በሌላ ጸሐፊ ያስገለብጡ ነበር። የአቴና ሰዎች ደግሞ፣ ሴቶችንና ባሮችን ማግለላቸው የማይካድ ነውራቸው ቢሆንም፣ ከዐሥሩ ነገድ ኀምሳ ኀምሳ፣ በድምሩ 500 የሸንጎ አባላት ከገዛ ዜጎቻቸው በዕጣ እያወጡ፣ የወጣለትን ሰው ወላጆቹን በክብር ይይዝ እንደ ሆነ፣ ግብሩን ይከፍል እንደ ሆነ፣ ዘምቶም እንደ ሆነ ከመረመሩ በኋላ ያስገቡት ነበር። ከሁሉ የሚልቀው ግን መውጫው ነው፤ ዘመኑን የፈጸመ ሹም ሒሳቡ በመርማሪዎች ፊት ሳይጣራ ከአገር መውጣትም፣ ንብረቱን መናዘዝም አይፈቀድለትም ነበር።

እንግዲህ ቻይናዊው ሹሙን ከዘመዱ አራቀ፤ አቴናዊው ከዘመዱ ጋር አኖረውና ሒሳብ ጠየቀው። እኛ የአገር ልጅነቱን ከአቴና ወስደን ሒሳቡን እዚያው ትተነዋል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለልጆቻችን እንደ ጥበብ እያወረስን፣ ያጠፋው ሹም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር «ልጃችን ነው» ብለን ዝም እንላለን። ከሩቅ የመጣውን ሹም በድፍረት የሚከስ አንደበት በወንድም ልጅ ፊት ስለሚታሰር፣ የገዛ ልጅ በደል ከባዕድ በደል ይልቅ ሳይጠየቅ ይኖራል።

ሕግ ጎደለን እንዳንል፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ማንኛውም ባለሥልጣን ኀላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ደንግጓል። ስለዚህ የጉኑኖ ሽማግሌዎችና የወረዳው ምክር ቤት አባላት ሆይ፣ ልጃችሁ ሲሾም እልል ያላችሁትን ያህል፣ ሲሻርም ወደ ሌላ ወንበር ከመዛወሩ በፊት በሕዝብ ፊት አቁማችሁ ሒሳቡን ጠይቁት።