ጊታሩ የት ገባ?

እህቴ፣ «አይ ዋና ቢ ዩርስ» የሚለውን ዘፈን በስሙ ባታውቂው እንኳ ቲክቶክ ላይ ወይም ከምትሠሪበት ቤት ልጆች ክፍል ሳትሰሚው አትቀሪም። የዘፈኑት የእንግሊዞቹ አርክቲክ መንኪስ ናቸው፤ በ2013 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ የማነሣው ግን ዘፈኑን ሳይሆን በቡድኑ ላይ የሚሰማውን ወቀሳ ነው። ነገሩ አንቺንም ይነካል።

ልጆቹ የሼፊልድ ከተማ ጓደኛሞች ናቸው። በ2006 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ዘፋኙ አሌክስ ተርነር ገና 20 ዓመቱ ነበር። ጊታሩ ፈጣን፣ አነጋገሩ የሠፈሩን ቅላጼ ያልለቀቀ። የሚዘፍነውም ስለ ጭፈራ ቤት በር፣ ስለ ሌሊት ታክሲ፣ ስለ ሠፈር ጠብ። አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ሳምንት ከ360,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ።

በ2018 ግን ጊታሩ ወደ ኋላ ቀርቶ ፒያኖ ወደ ፊት መጣ። ዘፈኖቹም ጨረቃ ላይ ስላለ የምናብ ሆቴል ሆኑ። በ2022 «ዘ ካር» ሲወጣ ደግሞ ቫዮሊኑ ተጨምሮ ዜማው ይበልጥ ረጋ አለ። ብዙ አድናቂም «ጊታሩ የት ገባ? የድሮዎቹን መልሱልን» አለ።

እውነቱን ለመናገር የ2018ቱ አልበም እኔንም አንዳንድ ቦታ ያሰለቸኛል። «ዘ ካር» ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። 36 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬም ጭፈራ ቤት በር ላይ ተጣላሁ ብሎ ቢዘፍን ማን ያምነዋል? ደግሞስ በአንድ ሌሊት አልተለወጡም። በ2009 «ሃምበግ» የተባለውን ሦስተኛ አልበማቸውን በከፊል አሜሪካ፣ ሞሃቪ በረሃ ሄደው ሲቀርጹ ነው ዜማቸው መክበድና መዘግየት የጀመረው። እሱን ያልሰማ ሰው ዛሬ ቢገረም አይደንቅም። የድሮውንም አልካዱትም፤ የ2006ቱን ዘፈን በ2023ም መድረክ ላይ ተጫውተውታል።

አንቺስ? ስልክ ላይ «ተለውጠሻል» ስትባዪ ስንተኛሽ ነው? ባለፈው የላክሽው ብር ምን ላይ እንደዋለ ስትጠይቂ «ዓረብ አገር ገብተሽ ኮራሽ» ይሉሻል። ድሮ ሳትጠይቂ ትልኪ ነበራ! ያንን ስሰማ ያናድደኛል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልፈርድባቸውም። እነሱ የሚያውቁት ከቦሌ የሸኟትን ልጅ ነው። ቋንቋ ሳታውቂ የቆምሽበትን ማድ ቤት፣ ብቻሽን ያለቀስሽበትን ሌሊት፣ የተያዘ ደሞዝሽን ተከራክረሽ ያስከፈልሽበትን ቀን አንቺም አልነገርሻቸውም። እንዳይጨነቁ ብለሽ «ደህና ነኝ» ብቻ አልሽ። እነሱም የበረሃውን አልበም አልሰሙትም።

ዕረፍት በምትወጪበት ቀን ጆሮ ማዳመጫሽን አድርጊና በቅደም ተከተል ስሚያቸው፤ መጀመሪያ የ2006ቱን፣ መጨረሻ የ2022ቱን። የ2009ኙን እንዳታልፊው። ማታ እናትሽ ጋ ስትደውዪ ደግሞ ስለዚያ ደሞዝ ንገሪያት።