ከማጣሪያው በፊት ምርመራው

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የቧንቧ ውሃቸውን በዋናነት የሚያገኙት ከሚሲሲፒ ወንዝ ነው። ከከተሞቹ ወጣ ባሉ መንደሮች ግን የራሳቸው ጉድጓድ ያላቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ከጉድጓዱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውሃ አየር ሲያገኘው በውስጡ የሟሟው ብረት ይዝጋል፤ ነጭ ልብስም ይወይባል። ባለቤቱ ማጣሪያ ለመግዛት ይቸኩላል፤ ችኮላው ግን ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል።

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሙቅ ውሃ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ በማሞቂያው ውስጥ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ ነው። ይህን ጉድለት ውድ ማጣሪያ አያስተካክለውም።

ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ከብረት ጋር አብሮ የሚገኘው ማንጋኒዝ ነው። ቀለምም ሽታም ሳያሳይ በውሃው ውስጥ ሊኖር ይችላል። የሚኒሶታ ጤና መምሪያ ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የሚጠጡት ውሃ በሊትር ከ100 ማይክሮግራም ያልበለጠ ማንጋኒዝ እንዲኖረው ይመክራል፤ በተለይ የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ ለሚበጠበጥላቸው። የግል ጉድጓድን በየጊዜው የማስመርመር ኃላፊነት ደግሞ የባለቤቱ ነው። ውሃን ለሕፃን አፍልቶ መስጠት መልካም ልማድ ቢሆንም፣ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ማንጋኒዝን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ክምችቱ ይጨምራል።