ለበላዔ ሰብእ የራራ አምላክ በወሎ ሕፃናት ጨከነን?

ባለፈው የካቲት 16 ቀን፥ በኪዳነ ምሕረት በዓል፥ በመርሳ አንድ ሰባኪ የበላዔ ሰብእን ታሪክ አሰምቶ ሕዝቡን አስለቀሰ። 78 ነፍስ የበላው የቅምር ሰው፥ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ባጠጣው ጥርኝ ውኃ እንደ ዳነ በመልካም አንደበት ተናገረ። ዳሩ ግን ንግግሩን ሳይፈጽም ወደ ወሎ ረኃብ ተሻገረና፥ የ1966ቱም የ1977ቱም እልቂት ስለ አባቶቻችን በደል የወረደ የእግዚአብሔር ቅጣት ነው አለ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ሳያስማማ ቅኔ ቢነግር መምህሩ ያፈርስበታል፤ ይህም ስብከት ፈራሽ ነው። 78 ነፍስ ያጠፋውን በጥርኝ ውኃ የማረ አምላክ፥ ጡት ያልጣለውን ሕፃን በአያቱ ኃጢአት በረኃብ ገደለው ማለት፥ ፍቅሩን ለገዳይ የሚለግስ ለሟች የሚሰስት ማድረግ ነው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁት ጊዜ፥ ጌታ ጥፋቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ እንዳላደረገው የማያውቅ ካህን የለም። የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውንም ዐሥራ ስምንት ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች አላላቸውም።

«ፍቅሩ ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ ሕዝቡ ስለ ምን አለቀ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝናም እንደ ቀረ፥ በወሎም አዝመራው እንደ ጠፋ እውነት ነው። ነገር ግን ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ እንደ መረመረው፥ በ1966ቱ ረኃብ የአገሪቱ ጠቅላላ እህል ብዙ አልጐደለም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እጅግ አልናረም፤ ድኻው ግን የሚገዛበት አልነበረውም። ከደሴ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ተጭኖ መሄዱም ተነግሯል። በዚሁ በመርሳ በሚያልፈው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ረኃብተኛው ቆሞ መኪና ሲለምን፥ የተዘጋው ጐተራ የማን ነበረ? ቁልፉን የያዘው ሰው ሆኖ ሳለ ጥፋቱን በፈጣሪ ማላከክ ድፍረት ነው።

ይህንም ከመጽሐፍ ብቻ አልናገርም። በ1977 ዓ.ም. የዐሥራ አምስት ዓመት የቅኔ ተማሪ ሳለሁ፥ አኩፋዳዬን ይዤ በሀብሩ ቆላ ስለምን፥ አንዲት እስላም ባልቴት የእመቤታችንን ስም ስጠራ ሰምታ ወጣችና ከምጣዷ ላይ ከነበረው የማሽላ ቆሎ ጥርኝ ሙሉ ዘግና ሰጠችኝ። የልጅ ልጆቿ ከኋላዋ ቆመው እጇን ያዩ ነበር። ሃይማኖቴንም ኃጢአቴንም አልጠየቀችኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ ባልፍ ደጁ ተዘግቶ አገኘሁት፤ ወዴት እንደ ሄዱ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ሰባኪው ይመልስልኝ፤ የዚያች ባልቴት ጥርኝ ከበላዔ ሰብእ ጥርኝ በምን አነሰ?