ፍሪጁን ሳይሞት አትቅበሩት

«የተበላሸ ፍሪጅ ማስጠገን ብር መበተን ነው፤ አዲስ ግዙ» የሚል ምክር ሰሞኑን አነበብኩ። መካሪው ኪሱ ሞልቶለታል! ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ አልጠየቀም መሰለኝ።

«አንዴ ከተበላሸ አይድንም» ይላል። ፍሪጅ አላቀዘቀዘም ማለት ግን ኮምፕሬሰሩ ሞተ ማለት አይደለም። የበሩ ጎማ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ሾልኮ ከወጣ ጥፋተኛው ተገኘ። ቴርሞስታቱ ወይም ኮምፕሬሰሩ ጎን ያለችው ትንሿ ሪሌይም ትሆናለች።

«አዲስ ያሳርፋል»ስ? መብራት ሄዶ ሲመጣ አዲስና አሮጌ አይመርጥም። ስታቢላይዘር የሌለው አዲስ ፍሪጅ ተራውን ጠባቂ ነው።

ኮምፕሬሰሩ በእርግጥ ተቃጥሎ ጥገናው የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ከጠየቀ፣ እሺ፣ ቆራሌውን እኔው እጠራላችኋለሁ።