ጠርሙሱን እናውቀዋለን፤ ምንጩንስ?



እንግዳ ሲመጣ ወይም ከከባድ ምግብ በኋላ ሆድ ሲነፋ በየቤታችን የሚፈለግ አንድ ጠርሙስ አለ። ልጆቻችን ገና አፋቸውን ሲፈቱ ጀምሮ «አምቦ» የሚለውን ስም ያውቁታል። «አምቦ የት ነው? ውሃውስ ስለምን ይፈላል?» ብለን ብንጠይቃቸው ግን «ከሱቅ ነው የሚመጣው» የሚሉን ጥቂት አይደሉም። የሚፈረድባቸው አይደሉም፤ ያላዩትን ከየት ያምጡት?

ብዙዎቻችን ሽርሽር ሲባል ወዲያው ትልቅ ሆቴልና ትልቅ ወጪ ይታየናል። በዚህም ምክንያት «ሲመቸን እንሄዳለን» እያልን ልጆቹ ያድጋሉ፣ አያቶችም ጉልበታቸው ይደክማል። በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ወደ ቤት የሚገባበትን መንገድ ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የራሱ መኪና የሌለው ቤተሰብ ከአስኮ መናኸሪያ ተሳፍሮ ሊደርስባት ይችላል።

ከከተማ እስከ ጊንጪ

ከአዲስ አበባ እንደወጣን ሆለታን እናልፍና አዲስ ዓለም እንደርሳለን። ለልጆች ሊነገር የሚገባው የመጀመሪያው ታሪክ እዚህ አለ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው እንጨት ተመናምኖ ማገዶ ሲጠፋ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ሆኖም በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ እየተስፋፋ የማገዶው ችግር ስለተቃለለ ዋና ከተማው ባለበት ቀረ። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድ ዛፍ የአንድን ከተማ ዕጣ እንደወሰነ ልጆች በዚህ መንገድ ላይ ሆነው ቢሰሙ፣ በመስኮት የሚያዩት ባሕር ዛፍ ሁሉ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

ቀጥሎ ጊንጪ ናት። አዋሽ የሚነሳው ከዚህ አካባቢ ከፍታዎች ነው። በአቅራቢያዋ ያለው የጭልሞ ደን ደግሞ ከቀድሞው የደጋ ደን የተረፈ ሲሆን፣ ጽድ፣ ወይራና ዝግባ የመሳሰሉ ሀገር በቀል ዛፎች ይገኙበታል። እዚህ አካባቢ ትንሽ የሆነው አዋሽ ወርዶ የቆቃን ግድብ ይሞላል፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦም በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅ ወንዝ ነው።

ጊንጪን አልፈን ወደ አምቦ ስንወርድ ውሃው አቅጣጫ ይለውጣል። አምቦን የሚያቋርጠው ሁሉቃ ወንዝ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በአንድ ወረዳ የዘነበ ዝናብ ከፊሉ ወደ አፋር፣ ከፊሉ በሱዳንና በግብፅ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ይጓዛል ማለት ነው። ልጆቹ ካርታ ይዘው ቢሄዱ ከመማሪያ መጽሐፍ ያልገባቸው እዚህ ይገባቸዋል።

አምቦ

አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ በንጉሡ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል የነበረች ከተማ ናት። የሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን የትውልድ አካባቢም ይህ ነው። ውሃዋ በፋብሪካ መታሸግ የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፋብሪካው ከከተማው ወጣ ብሎ በሰንቀሌ ይገኛል።

ውሃው ስለምን ይፈላል? አካባቢው የጥንት እሳተ ገሞራ ምድር ነው። ከጥልቁ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ውሃውም በዓለቶች መካከል ሲያልፍ ማዕድናትን ይሰበስባል። ወደ ላይ ሲወጣ ወይም ቆርኪው ሲነሳ ጫናው ስለሚቀንስ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣል። እግረ መንገዳችንን አንድ የጤና ነገር እናስታውስ፤ ይህ ውሃ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ጨው እንዲቀንስ ሐኪም ያዘዘው ሰው መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከተማዋ በፍል ውሃዋና በመዋኛዋ የቆየ ስም አላት። መዋኛ ያሰበ ቤተሰብ ክፍት መሆኑን፣ ለሴቶችም የተለየ ሰዓት እንዳለ አስቀድሞ ቢጠይቅ ከደረሱ በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ይድናል። ዙህርን ከተማው ውስጥ ሰግዶ፣ ምሳ በልቶ ለቀጣዩ መነሳት ይቻላል።

ጉደር፣ ለሌላ ቀን ደግሞ ወንጪ

ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ስንጓዝ ጉደርን እናገኛለን። ፏፏቴው ከከተማው ሩቅ አይደለም። በክረምት ውሃው ደፍርሶ ያገሳል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ አረንጓዴው ሳይጠፋ ዝናቡ ስለሚያባራ ለጉዞ የተሻለ ነው። የፏፏቴ ዳር ድንጋይ ግን ያዳልጣል። ልጅ እጁ ተይዞ ይመልከት እንጂ «እዚያ ጋ ቁምና ፎቶ ላንሳህ» ማለት አይገባም።

በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለውን የወንጪን ሐይቅ በዚያው ቀን ልጨምር የሚል ሰው ሁለቱንም ሳያይ ይመለሳል። ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። የተራራው ጫፍ 3,386 ሜትር ይደርሳል፤ ዙሪያው እንሰት ነው፤ በመካከሉ ባለው ደሴት ላይም ጥንታዊው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከታቀፉት ሦስት ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ መድቦታል። ብርዱ ጠንካራ ነው፤ መውረዱ ቀላል፣ መውጣቱ ከባድ ነው። ስለዚህ አያቶች በፈረስ ቢሄዱ ይሻላል፤ የፈረሱም ኪራይ ለአካባቢው ገበሬ ገቢ ይሆናል። ወንጪ የራሱ ቀን ይሰጠው።

ዕረፍቱ የማን ነው?

ውድ አንባብያን፣ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በብዙ ቤት ሽርሽር ማለት ለእናት የወጥ ቤት ለውጥ ብቻ ነው። ሌሊት ተነስታ ትሠራለች፣ ጠዋት ልጆች ታለብሳለች፣ ሜዳ ላይ ታቀርባለች፣ ማታ ሁሉም ሲተኛ ዕቃ ታጥባለች። ስለ ጉደር ስትጠየቅ የምታስታውሰው ፏፏቴውን ሳይሆን የሰሃኑን ብዛት ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ ለቤተሰቡ ግማሽ ጉዞ ነው። ስለዚህ፦

1. ምግቡ ቀላል ይሁን። ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች፣ ፍራፍሬ ይበቃል። ወጥ ለአንድ ቀን ቢቀር ማንም አይጎዳም።

2. ሥራው ዋዜማውን ይከፋፈል። ምንጣፉንና ውሃውን አባት፣ ቦርሳውን ትልልቆቹ ልጆች ይያዙ። የማታውን ዕቃ እነማን እንደሚያጥቡም ከመነሳት በፊት ይወሰን።

3. ከሱብሕ በኋላ ቶሎ መነሳት፣ ከመምሸቱ በፊትም መመለስ ይገባል። የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰዎች አስቀድሞ መጠየቅ አይዘንጋ።

4. የያዝነውን ፕላስቲክ ይዘን እንመለስ። የሁሉቃን ውሃ ከእኛ በታች የሚጠጣው ሰው አለ።

5. ለአያት ወይም ለአረጋዊ ጎረቤት አንድ ቦታ ይያዝ። እነሱ የሚያውቁትን የድሮ መንገድ በዚያ ጉዞ ካልሰማን ሌላ ጊዜ ላንሰማው እንችላለን።

ከዚህ በኋላ ያ ጠርሙስ ማዕድ ላይ ሲቀርብ ትንሹ ልጅ ለእንግዳው ምንጩ የት እንደሆነና ስለምን እንደሚፈላ ያስረዳዋል። እናቱም በዚያ ቀን ያየችውን ትጨምርበታለች። በሚቀጥለው ወር በሌላ መንገድ እስክንገናኝ፣ ጉዟችሁን አላህ የሰላም ያድርግላችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።